ሼንያንግ ውስጥ ጂያውዚ ስትበሉ የድስቱን ውሃ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖች እንደምን ሰነበታችሁ፣ ሼንያንግ ነው ያለሁት ማስተርስ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዘንድሮ ከአገር ቤት የመጡ 3 ልጆች ይዤ ጂያውዚ (ሥጋ ወይ አትክልት በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀል ምግብ) ላበላቸው ወጣሁ፣ ምክንያቱም ዶንግቤይ (ሰሜን ምሥራቅ ቻይና) መጥቶ ጂያውዚ ሳይበሉ መመለስ ጎንደር ሄዶ ፋሲልን ሳያዩ እንደ መመለስ ነው ብዬ ስለማምን። ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር አውጥታችሁ ዶርም የምትቀቅሉት እሱ ሌላ ነገር ነው፣ አታወዳድሩት። የሄድንበት ቤት ትንሽ ናት 8 ጠረጴዛ ቢኖራት ነው፣ ስሟን አልጠራም። ከመስታወት ጀርባ አንዲት እናት ቁጭ ብለው በአጭር መዳመጫ ሊጥ ይዳምጣሉ፣ በግራ እጃቸው ሊጡን ያዞራሉ በቀኛቸው ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይጫኑታል፣ እና መሃሉ ወፈር ብሎ ዳሩ እንደ ወረቀት ይሳሳል። መሃሉ የሚወፍረው ሙሌቱን እንዲሸከም ነው፣ ዳሩ የሚሳሳው ደግሞ ሲታጠፍ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን እኩል እንዲበስል። እኔ እሱን ብቻ እያየሁ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ እችላለሁ።

በግ በካሮትና በሬ በባሮ ሽንኩርት አዘዝን። መጣ፣ ነከስ ስታደርጉት መረቁ አፍ ውስጥ ፍስስ ይላል፣ በሆምጣጤና በተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት እያጠቀስን በላን። ከዛ የተቀቀለበትን ውሃ ትኩሱን በጎድጓዳ ሳህን አመጡልን፣ ጠጣን። በዚህ መሃል ከልጆቹ አንዷ ድንገት ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። ለካ ወደ ምድጃው ፊት ለፊት ነው የተቀመጠችው፣ ለጎረቤት ጠረጴዛ የታዘዘው የአሳማና የስዋን ጻይ (ያ የኮመጠጠው ጥቅል ጎመን) ጂያውዚ የእኛ በወጣበት ድስት እዛው ውሃ ውስጥ ሲገለበጥ አይታዋለች። ምንም አልተናገረችም፣ ግን ሌላ አልቀመሰችም፣ እስከ ዶርም ድረስም ዝም እንዳለች ነው የሄደችው። እኔ ነኝ የወሰድኳት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስበላ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። ጥያቄዬ ይኸው፦ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? ሙሌቱን ብቻ ነው የምትጠይቁት ወይስ ድስቱንም?

*

በ4 ቀን ውስጥ 20 መልስ መጣ። በሚቀጥለው መስከረም ለሚመጡት እንዲጠቅም የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ፣ የተሰደበውን ሰውና የተሳደበውን ሰው ቃል መድገም ግን አልፈልግም።

መልስ 1። ሐርቢን ያለች እህት ናት። በትህትና ጀምራ እሷም እንደኔ አስባበት እንደማታውቅ ጻፈች፣ አስተናጋጇን ገና ስትገባ ቡ ቺ ጁ ሮው፣ የአሳማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው፣ እንደምትላትና ከዛ ወዲያ ልቧን ጥላ እንደምትበላ ነገረችን። ልጅቷንም አይዞሽ በይልኝ አለች፣ እኔን ሴት አድርጋኝ ነው፣ ምንም አይደለም።

መልስ 2። ይሄ ሰው በጥሩ መንፈስ ነው ያረማት። ቡ ቺ ጁ ሮው ስትሉ አስተናጋጇ የምትሰማው ሙሌቱን ነው፣ ድስቱን አይደለም፣ በእነሱ ቤት ውሃ ውሃ ነው፣ ክፋትም የለበትም። ከዛ ለአዲስ ሰው ዋና የሆነውን ነገር ጨመረ፦ ሜኑ ላይ ምንም ሳይጠቀስ ሮው፣ ሥጋ፣ ብቻ ከተጻፈ የአሳማ ነው። በሬ ኒው ሮው፣ በግ ያንግ ሮው ተብሎ በስሙ ይጠራል፣ አሳማ ግን የነገሩ ሁሉ መነሻ ስለሆነ ስም አያስፈልገውም። ሳን ሺየን የሚባለውንም ሽሪምፕ አለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አብሮ ይገባበታል። ይሄን መልስ ስክሪንሹት አድርጌ ለ3ቱም ልጆች ላክሁላቸው።

መልስ 3። ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ያለ ገጠመኝ ነው ግን ደስ ስለሚል አልዘለውም። እሱና 3 ጓደኞቹ በመጡ በሳምንታቸው ጂያውዚ ቤት ገብተው፣ በኪሎ ነው የሚሸጠው ተብለው ስለነበር ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጂን አዘዙ፣ ግማሽ ኪሎ ለአንድ ጎረምሳ ምን አላት ብለው። አስተናጋጇ ሦስቴ ጠየቀቻቸው፣ ሦስቴም አዎ አሉ። በዛ ቤት ሂሳብ አንድ ጂን 60 ፍሬ ነው፣ 240 ጂያውዚ በትሪ በትሪ እየሆነ መጣ። የተረፈውን ተሸክመው ሄደው ዶርሙ በሙሉ ሁለት ቀን በላው።

መልስ 4። ለ3ኛው ማረሚያ። ሚዛኑ የጂያውዚው ሳይሆን የዱቄቱ ነው፣ አንድ ሊያንግ ማለት 50 ግራም ዱቄት ነው፣ አንድ ጂን ደግሞ 10 ሊያንግ። ልማዱ እህል በኩፖን ይታደል ከነበረበት ዘመን የቀረ ነው፣ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ የሊጥ ነገር ሲበላ የእህል ኩፖን ይሰጥ ስለነበር ቤቱ ስንት ሊያንግ ዱቄት እንደወጣ መቁጠር ነበረበት። ከአንድ ሊያንግ ስንት ፍሬ እንደሚወጣ ከቤት ቤት ይለያያል፣ 6 የተለመደ ነው፣ እና ለአንድ ሰው 3 ሊያንግ ይበቃዋል። የሦስቴው ጥያቄም አስተናጋጇ ስላዘነችላቸው እንደሆነ አስረዳ፣ ይሄ ዶንግቤይ ነው፣ ሰው ከሚራብ ይትረፍ የሚባልበት አገር ነው፣ እሷ ከጠየቀች በእውነት በዝቷል ማለት ነው።

መልስ 5። የታሪክ ሰው። ሼንያንግ እያለን ስለ ላኦቢየን ጂያውዚ ቤት እንዴት አታነሳም ብሎ ወቀሰኝ። ቤቱ የተከፈተው በ1829 ነው፣ ቢየን የመሥራቹ ቤተሰብ ስም ነው። የቤቱ መለያ ሥጋውን ጥሬውን አለመጠቅለሉ ነው፣ አስቀድመው በዘይት ጠበስ አድርገው በመረቅ ያለሰልሱታል ከዛ ነው ሊጥ ውስጥ የሚገባው። ያ ቀድሞ የመጥበስ ሥራ በቻይንኛ እሱም ቢየን ነው የሚባለው፣ ስሙና ሥራው አንድ ድምፅ ገጥሞላቸዋል። ወቀሳውን ተቀብያለሁ፣ ግን የድስቱን ጥያቄ አልነካውም።

መልስ 6። ውሃውን ስለመጠጣት። ይሄኛው ልጅ የመጀመሪያ ቀን ያ ነጭ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ሲመጣለት ለእጅ መታጠቢያ መስሎት ጣቶቹን ነከረበት፣ ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ምን ይደንቃል። አጠገቡ ያሉ አንድ ሽማግሌ ሳይስቁበት የራሳቸውን ሳህን አንስተው ቀስ ብለው ጠጥተው አሳዩት። የበላኸውን በተቀቀለበት ውሃ ነው የምታወርደው፣ ሆድ እንዳይከብድ፣ ከሰሜን ቻይና ሰው ጋር የተቀመጠ ይሄን ሳይሰማ አይነሳም።

መልስ 7። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። የጻፈው ሰው 6ኛውን ጠቅሶ ወደ እኔ ዞረ። ያ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ የአሳማው ሁሉ ሲቀቀልበት የዋለ ውሃ ነው፣ እናንተ ደግሞ ጠጥታችሁታል፣ ሁለት ዓመት ከጠጣህ በኋላ ዛሬ መጠየቅህ ለምን ይሆን አለኝ። ወንድም እንኳ አላለኝም። ከፋኝ፣ ግን ስለውሃው ያለው እውነት ነው።

መልስ 8 የኔው ነው። የጠየቅኩት ስለራሴ ብቻ እንዳልሆነ፣ ያቺ ልጅ የ19 ዓመት ልጅ እንደሆነች፣ እናቷ ቦሌ ሲሸኟት አደራ ብለው እጇን እኔ እጅ ላይ እንዳስቀመጡ ጻፍኩ። ለአደራ ዘገየህ አይባልም።

መልስ 9። ሺአን የምትማር ሙስሊም እህታችን። ከሁሉም የሚረዝመው የሷ ነው፣ በጣምም ይጠቅማል። በር ላይ ቺንግጀን የሚል ጽሑፍ ፈልጉ አለች፣ ብዙ ጊዜ በአረንጓዴ ሆኖ አጠገቡ የዓረብኛ ጽሑፍ አለው፣ ሀላል ማለት ነው፣ እዛ ቤት አሳማ ደጃፉንም አይረግጥም። ለሼንያንግ ሰው ደግሞ ማጃ ሻኦማይን ጠቆመች፣ የሁዪ ሙስሊሞች ቤት ነው፣ ከ1796 ጀምሮ ያለ ማለት ከላኦቢየን 33 ዓመት ይቀድማል። ጂያውዚ ሳይሆን ሻኦማይ ነው የሚሠሩት፣ ሊጡ በፈላ ውሃ ይታሻል፣ ሙሌቱ የበሬ ነው፣ አፉ ሳይዘጋ እንደ አበባ ተከፍቶ በእንፋሎት ይበስላል። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠች፦ ቺንግጀን ቤት የውጭ ምግብ ይዞ መግባት ነውር ነው። የክፍሏ ልጅ ከሱቅ የገዛውን ቋሊማ በፌስታል ይዞ ገብቶ የቤቱ ባለቤት ፌስታሉን ሲያዩ ፊታቸው ተቀያየረ፣ አልጮሁበትም፣ በር ድረስ ሸኝተው ፌስታሉን ውጭ አስቀምጦ እንዲመለስ ለመኑት። እሷ የዛን ቀን ካፈረችው በላይ አፍራ እንደማታውቅ ጽፋለች።

መልስ 10። ይጠበቃል። ክርስቲያን የሆነ ሰው የእስላም ሥጋ እንደማይበላ፣ ከአሳማ አምልጦ ወደዛ መሄድ መፍትሔ እንዳልሆነ ጻፈ፣ አጭርና ደረቅ ነው። እህታችን ያን ሁሉ ደክማ ጽፋ ሳለ አንዲት የምስጋና ቃል ሳያስቀድም እንደዛ መጻፉ እኔን አሳዘነኝ፣ ጥያቄው ግን የብዙዎቻችን ጥያቄ መሆኑን አልክድም፣ አገር ቤት ሁለቱ ምንቸት ተለያይቶ ነው ያደግነው።

መልስ 11 እና 12 በዚሁ ላይ የተያያዙት ናቸው። 11ኛው፣ ካምፓስ ካፌ በየቀኑ የምትበላውን ዶሮ ማን ባርኮ አረደልህ ብሎ 10ኛውን ጠየቀ። 12ኛው የ10ኛው ሰው ተመልሶ ነው፣ የካፌ ዶሮ በልቶ እንደማያውቅ፣ ሁለት ዓመት በእንቁላልና በሩዝ እንደኖረ ጻፈ። እዚህ ላይ ለሰውዬው የነበረኝ ስሜት ተቀየረ፣ በራሱ ላይ የከበደ ሰው ነው እንጂ ሌላው ላይ ለመፍረድ የመጣ አልነበረም። 13ኛው መልስ ተሰርዟል፣ ማታ አይቼዋለሁ፣ መሰረዙ ትክክል ነው።

መልስ 14። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ቻንግቹን የተማሩ ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ምድጃ ተራ እየጠበቁ ያበስሉ ነበር፣ የሥጋ ነገር ሲመጣ ግን ሁሉም በራሱ ድስት፣ እና በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ተኳርፈው አያውቁም። ስለ ሥጋው የንስሐ አባትህን ደውለህ ጠይቅ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው አይመልስልህም አሉ። ለ7ኛውም አንድ ቃል ሰጡት፣ የጠየቀ ሰው አይዘለፍም የሚል። 7ኛው ከዛ በኋላ አልጻፈም፣ ግን ለጋሼ ላይክ አድርጓል።

መልስ 15። ዱባይ የምትሠራ እህት ናት፣ ይሄን ሁሉ ጭንቀት ትታችሁ ዱባይ ኑ አለች። ዲን ታይ ፉንግ ገብታ የበላችው ጂያውዚ ያለ አሳማ ነው፣ ውስጡ ሾርባ ሞልቶበት፣ በማንኪያ ይዘህ ቀስ ብለህ ነው የምትነክሰው።

መልስ 16 አረማት፣ ትንሽ ኮስተር ብሎ። ያ ጂያውዚ አይደለም ሺያው ሎንግ ባኦ ነው፣ የሻንጋይ አካባቢ ምግብ፣ በእንፋሎት የሚበስል። ሾርባው ገና ከመጀመሪያው ፈሳሽ ሆኖ አይገባም፣ መረቁ ቀዝቅዞ እንደ ጄሊ ሲረጋ ተከትፎ ከሥጋው ጋር ይጠቀለላል፣ እንፋሎቱ ነው መልሶ የሚያቀልጠው። ዲን ታይ ፉንግ ራሱ የታይፔ ቤት ነው፣ በ1958 ሲጀምር የምግብ ዘይት ይሸጥ ነበር። የሼንያንግ ጂያውዚ ወፍራም ነው፣ ይቀቀላል፣ የገበሬ ምግብ ነው፣ ሁለቱን አንድ ማድረግ ሳምቡሳና ቆጮ አንድ ናቸው እንደማለት ነው። ማነጻጸሪያው ትንሽ በዛ፣ ልጅቷ ያየችውን ነው የነገረችን።

መልስ 17 እና 18 የጾም ነገር ናቸው፣ ለኔ ከሁሉም ልብ የሚነኩት እነሱ ናቸው። 17ኛው ዶንግጂን አነሳ። ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ቀን ነው፣ ዲሴምበር 21 ወይ 22፣ ሰሜን ቻይና ቤቱ በሙሉ ጂያውዚ ይበላል፣ ካልበላህ ጆሮህ በብርድ ይረግፋል ይሉሃል፣ ጂያውዚው ራሱ የጆሮ ቅርፅ አለው። በተረታቸው ጃንግ ጆንግጂንግ የሚባል የጥንት ሐኪም በብርድ ጆሯቸው ለተጎዳ ድሆች በሊጥ ጠቅልሎ ያበላቸው መድኃኒት ነው። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 12 ወይ 13 ነው፣ የነቢያት ጾም መሃል። ስለዚህ በየዓመቱ ሱፐርቫይዘሩ ቤታቸው ይጠሩታል፣ በየዓመቱ ይሄዳል፣ ጂያውዚውን አብሯቸው ይጠቀልላል፣ አይበላም። ዘንድሮ የሱፐርቫይዘሩ ሚስት ለብቻው ጎመንና ቶፉ ብቻ ያለበት 20 ፍሬ ጠቅልለው በሌላ ድስት ቀቀሉለት፣ እሱ ሳይጠይቅ። 18ኛዋ ለጾመኛ የሚያስፈልገውን ጨመረች፦ የአትክልት ጂያውዚ ሲሏችሁ ጂው ጻይ የሚባለው ቅጠል ከእንቁላል ጋር የተቀላቀለ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፣ ሙሌቱ ጠዋት ተቀላቅሎ የዋለ ስለሆነ እንቁላሉን አውጡልኝ ማለት አይቻልም። ቹን ሱ የሚለውን ቃል ያዙ፣ ንጹህ የአትክልት ማለት ነው፣ የቡድሂስቶች ቤት ከሆነ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ጣዕሙ ለስለስ ይላል፣ እንጉዳዩ ግን ይክሰዋል። አንድ ሰው ደግሞ በመሃል ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም ሊያስነሳ ሞክሮ ነበር፣ 18ኛዋ በአንድ መስመር ዘጋችው፣ ተመስገን።

መልስ 19። ስንጠብቀው የነበረው መልስ ይሄ ነው። ቻይናዊት አግብቶ ዳሊየን የሚኖር ሰው ነው፣ አማቶቹ ጂያውዚ ቤት አላቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ምድጃው ላይ የሚቆመው እሱ ነው። ውሃው ሙሌት በተቀየረ ቁጥር አይቀየርም፣ ዱቄቱ ሲያወፍረው ነው የሚቀየረው፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ደግሞ አንዱን በአንዱ ላይ ትገለብጣለህ። ጂያውዚ ሲገባ ውሃው ሲፈላ አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ትጨምራለህ፣ ደግሞ ሲፈላ ደግሞ፣ ሦስት ጊዜ፣ አለዚያ ሙሌቱ ሳይበስል ሊጡ ይፈነዳል፣ እና አንዴ ተጨናንቆ የሚሠራ ሰው ድስት ይለይልኛል ብለህ አትጠብቅ። ግን ሰው አስቀድሞ ሲጠይቅ የሚከፋው ባለቤት እስካሁን አላጋጠመውም። በር እንደተከፈተ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ድስት ነው፣ ከማዘዛችሁ በፊት ንገሯቸው፣ ማጥለያውም አዲስ ይሁን በሉ ምክንያቱም ድስቱ ተቀይሮ ማጥለያው ያው ከሆነ ምን ዋጋ አለው። የበግ ጂያውዚ የት እንደሚሻል ማወቂያም ሰጠን፣ ጠረኑን ለማጥፋት ኋጂያው የሚባለውን ቅመም በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን በአንድ አቅጣጫ እያማሰለ ሥጋው እስኪጠጣው ያጠጣዋል፣ አፍ ውስጥ የሚፈሰው መረቅ እሱ ነው፣ ስብ አይደለም።

መልስ 20 ስለ በርበሬ ነው። ጂያውዚ በሚጥሚጣ አጥቅሶ መብላት ነውር ነው ወይስ አይደለም። እኔ ነውር ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ሆምጣጤውና ነጭ ሽንኩርቱ በቂ ነው፣ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 5 ፍሬ እንደሚሠሩት አድርጋችሁ ቅመሱ።

መልስ 21፣ የኔ። ማክሰኞ ዕለት ልጅቷን ይዤ ሄድኩ፣ ወደዛችው ቤት ነው። ከዛ በፊት ለንስሐ አባቷ ደውላለች፣ ምን እንዳሏት አልጠየቅኳትም፣ እንሂድ ያለችኝ ራሷ ናት። 10 ሰዓት ተኩል ጠዋት ነው፣ በአገራችን አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል፣ ወንበሮቹ ገና ከጠረጴዛ አልወረዱም። እናትየዋ ሊጥ እያሹ ነበር፣ የ19ኛውን ምክር እንዳለ በቻይንኛ ነገርኳቸው፣ ማጥለያውንም ጭምር። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ፣ ትንሽ የብረት ድስት ይዘው ወጡ፣ የቤተሰቡ ድስት ነው መሰለኝ እጀታው በጨርቅ ተጠምጥሟል። ቧንቧው ጋ ወስደው ልጅቷ እያየች አጠቡት፣ ውሃ ሞሉት፣ ባዶነቱን አዘንብለው አሳይተዋት ነበር ከመሙላታቸው በፊት። ቅዳሜ ለምን አልነገርሽኝም አሏት፣ ተርጉሜ ነገርኳት፣ አፈርኩ አለች፣ እሱንም መልሼ ተረጎምኩ። 3 ሊያንግ በግ በካሮት አዘዘች፣ 18 ፍሬ። አንድም አላስተረፈችም። ውሃው በጎድጓዳ ሳህን ሲመጣ በሁለት እጇ ይዛ እፍ እፍ እያለች ጠጣችው፣ እናትየዋም መዳመጫቸውን አስቀምጠው እስክትጨርስ ቆመው ያዩዋት ነበር።